ሳይከፈቱ የተመለሱ ደብዳቤዎች

ጅማ መርካቶ ሰፈር ውስጥ «ልጅቷ መተንፈስ ታስተምራለች» ሲባል የሚስቅ ብዙ ነበር። «እስከ ዛሬ ታዲያ በምን ኖርን?» ይላሉ። ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች ግን አይስቁም። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ አጎንብሰው ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ውለው፣ ማታ ወገባቸውን በመቀነት ጠፍረው የሚያድሩት እነሱ ናቸውና የጥሩአየሁ ኤርሲዶን ትምህርት ዋጋ ያውቁታል። ቅዳሜ ጠዋት የመጋዘኑ በረንዳ ላይ ሰሌን ይነጠፋል፤ ሴቶቹ ይጋደማሉ፤ እሷም በኦሮምኛ እየቆጠረች ታስተነፍሳቸዋለች። «ቶኮ... ላማ... ሰዲ... አፉር።» አፉር አራት ነው፤ አፉራ ደግሞ ትንፋሽ። ሁለቱ ቃላት እንዲህ መቀራረባቸው በየሳምንቱ እንደ አዲስ ያስቃቸዋል። መጨረሻ ላይ ቫዮሊኗን ከሳጥኑ ታወጣና፣ ሴቶቹ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ አንድ ረጅም ቀርፋፋ ዜማ ትጫወትላቸዋለች። ያን ጊዜ የሚስቅ የለም።

ጥሩአየሁ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የክፍለ ሀገሩ ኪነት ቡድን ውስጥ ኖታ አንብቦ የሚጫወት ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። ዮጋ የሚሉትን ነገር የተማረችው አዲስ አበባ፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳለች ነው። በሦስተኛው ዓመት ግራ ትከሻዋ ደርቆ ቫዮሊኑን ማንሳት አቃታት። ሐኪም ኪኒን ሰጣት፣ ወጌሻ አሻት፤ አልሆነም። በኋላ የአንድ ህንዳዊ መምህር ባለቤት፣ ሚስስ ናይር የሚባሉ ሴት፣ ሳሎናቸው ምንጣፍ ላይ እያጋደሙ በአራት ወር አዳኗት። «ትንፋሽሽን አፍነሽ ነው የምትጫወቺው» አሏት። «የታፈነ ሰው ክንዱ ይደርቃል።» ከዚያ ወዲህ ለጥሩአየሁ ሙዚቃና ትንፋሽ አንድ ትምህርት ሆኑ።

ቲጃኒ አባቦራ ወደዚያ በረንዳ የመጣው በ1975 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። የጅማ ልጅ ነው፤ ከሟች አባቱ በወረሰው የእንጨት ሥራ ቤት በዋንዛ ወንበርና ሳጥን ይሠራል። ካራማራ ላይ የመድፍ ፍንጣሪ ደረቱ ገብቶ ነበር። ሐኪሞች ገሚሱን አወጡ፤ ገሚሱን ለነፍሱ ፈርተው ተዉት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሲተነፍስ ግን እንደ ሽማግሌ ያፏጫል። ከሴቶቹ ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው።

«አልጨፍንም።»

«ለምን?»

«ስጨፍን የምሄድበትን አገር አንቺ አታውቂውም።»

ጥሩአየሁ አልተከራከረችውም። ቫዮሊኗን አምጥታ ፊቱ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠችና «እንግዲያው ይህን እያየህ ተንፍስ» ብላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ስትጨርስ ቲጃኒ ተንበርክኮ በቫዮሊኑ ሆድ ላይ ጣቱን እየሄደበት አገኘችው።

«ይኼ ስንጥቅ ስንት ጊዜው ነው?»

ደነገጠች። ያ ስንጥቅ የሁለት ዓመት ምስጢሯ ነበር። ድምፁ በየወሩ እየሞተ ሲሄድ ትሰማዋለች፤ ለኪነት ቡድኑ እንዳትናገር ቫዮሊኑን ቀምተው አኮርዲዮን እንዳይሰጧት ትፈራለች። አዲስ አበባ ልካ የምታሠራበት አቅም የላትም። አሁን አንድ የማታውቀው ሰው በጣቱ ጫፍ ብቻ ደረሰበት።

«እንጨት ሲታመም ይታወቀኛል» አላት። «ካመንሽኝ ስጪኝ።»

ሰጠችው። ሦስት ሳምንት ያዘው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት እንቅልፍ አልነበራትም፤ መጋዝና መዶሻ ያለበት ቤት ቫዮሊኗን ትታ እንደመጣች ባሰበች ቁጥር ከአልጋዋ ትነሣለች። ሲመልስላት ስንጥቁን ብትፈልገው ብትፈልገው አጣችው። እዚያው የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ የተላገ እንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቆማ ደጋኑን ሳበች። ድምፁ ሞልቶ፣ ሞቆ ወጣ። ቀና ብላ ብታየው ቲጃኒ ዓይኑን ጨፍኗል። ጭንቀት የሌለበት ፊት ነበር። ያን ፊት እያየች ልቧ ከእሷ ፈቃድ ሳይጠይቅ ወጥቶ ሲሄድ ተሰማት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለቱም ሊያስቆሙት ሞክረዋል። እሷ የወንጌላዊ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ኤርሲዶ ከከምባታ ለቡና ሥራ መጥተው ከጅማ ወጣ ባለችው ሸቤ የቀሩ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲታሸግ ስምንት ወር ታስረው የወጡ ሰው ናቸው። እሱ ደግሞ አያት ቅድመ አያቶቹ ጅማ ላይ የተቀበሩ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነው። እናቱን ለጢፋን መንደሩ በኦሮምኛ «ሃደ ቲጃኒ»፣ የቲጃኒ እናት ይላቸዋል። እሳቸውም ደዶ ካሉት ዘመዶቻቸው ፈድሊያ የምትባል ልጅ አጭተውለት በተስፋ የሚኖሩ ናቸው። መንገድ ላይ አብሮ መታየት ስለማይሆን በደብዳቤ ተገናኙ። ቲጃኒ በአናጢ እርሳስ፣ ወደ ግራ ባጋደሉ ወፋፍራም ፊደሎች ይጽፋል። እሷም ደብዳቤዎቹን በቫዮሊኑ ሳጥን ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ትደብቃለች።

ክረምቱ ገብቶ በረንዳው ሲያፈስ ቲጃኒ በቆሰለ ዘማችነቱ ቀበሌውን ጠይቆ አዳራሽ አስፈቀደ። ማመልከቻው በእሱ ስም ነበር። ጥሩአየሁ ያን ቀን «እንዲህ ያለ ሰው አለኝ» ብላ ለማንም ሳትነግር፣ ለራሷ ብቻ ደጋግማ እየነገረች ከመርካቶ እስከ ቤቷ በዝናብ ሄደች።

በ1976 መስከረም፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ጓድ ጎሳዬ የሚባል ካድሬ ቢሮው አስጠራት።

«ጓድ ጥሩአየሁ» አላት፣ «ሰው ሰብስቦ ዓይን ማስጨፈን ምንድን ነው?»

«እንቅስቃሴ ነው ጓድ። ለወገብ፣ ለሳንባ፣ ለ...»

«ዓይን ተጨፍኖ የሚደረግ እንቅስቃሴ አላውቅም። ጸሎት ግን አውቃለሁ። የማን ልጅ እንደሆንሽም አውቃለሁ።»

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አንድ ወረቀት ተዘርግቷል። ወደ ግራ ያጋደሉ ወፋፍራም የእርሳስ ፊደሎች ናቸው። ወረቀቱ ለእሷ ተገልብጦ ነበር፤ ያነበበችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «...አባቷ የተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ መሆናቸውን አውቃለሁ...» ጎሳዬ እጁን ጣል አደረገበት። ቀጥሎ የተናገረውን፣ አዳራሹ እንደተዘጋ፣ ከኪነት ቡድኑም ለጊዜው እንደታገደች፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ሰማችው። ተነሥታ ወጣች። ደጅ ስትደርስ ዝናብ ነበር፤ መተንፈስ የምታስተምረው ልጅ የቢሮው ግድግዳ ሥር ቆማ አየር አጣች።

በማግስቱ አባቷ ዘንድ ሸቤ ወረደች።

አቶ ኤርሲዶ ብዙ አልጠየቋትም። «ያን የህንድ ነገር ተዪው ብዬሽ ነበር» አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «ጣዖት ነው ብዬሽ ነበር።»

«አባባ፣ ትንፋሽ የማን ነው?»

«የእግዚአብሔር።»

«እኔም ሌላ አላልኩም።»

አባቷ አዩአትና ወደ ጓሮ ወጡ። እንዲህ ዓይነት መልስ ስትሰጥ ሌላ ጊዜ ይገሥጿት ነበር። ያን ቀን ግን ከቃሉ ይልቅ ድምፅዋ አስፈራቸው።

ቅዳሜ የአውቶቡሱ ሹፌር ሙሐመድሳኒ ደብዳቤ ይዞላት መጣ። ፖስታው ላይ ያሉትን ፊደሎች አየች፤ አልከፈተችውም። «ለላኪው መልስልኝ» አለችው። በሳምንቱ ሁለተኛ መጣ። ሹፌሩ አመነታ። «እህቴ፣ ልጁ መናኸሪያ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። ምን ልበለው?»

«ምንም አትበለው። ፖስታው ይነግረዋል።»

በሦስተኛው ሳምንት አውቶቡሱ ሲደርስ፣ ሳታስበው ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ሙሐመድሳኒ ባዶ እጁን አሳያት። በአራተኛውም ምንም የለም። «አየሽ» አለች ለራሷ፣ «እውነት ቢኖረው ዝም አይልም ነበር።» ይህን ስትል ያሸነፈች መሰላት። ማሸነፍ እንዲህ ደረት የሚበሳ ነገር መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ጫማቸው በጭቃ የተለወሰ ሴት ደጃቸው ላይ ቆሙ። ጥሩአየሁ ከሩቅም ቢሆን ታውቃቸዋለች። ሃደ ቲጃኒ ናቸው።

አቶ ኤርሲዶ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይግቡ።»

«አሰላሙ... ሰላም ለዚህ ቤት» አሉ ለጢፋ። ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ፈቱት። ሁለት ፖስታዎች፣ እንደታሸጉ።

«ልጄ ፊደል ያውቃል፣ እኔ አላውቅም» አሉ ወደ ጥሩአየሁ ዞረው። «ለመንደር ሰው እንዳላስነብብ የልጄ ምስጢር ነው። ሹፌሩ እንደነገረኝ አንቺ ነሽ የመለስሻቸው፤ አንቺው አንብቢልኝ። ልጄ ምን እንዳደረገ ልወቅ።»

«ቲጃኒ ራሱ አይነግርዎትም?»

«ቲጃኒማ ሆስፒታል ነው።» ድምፃቸው ያን ጊዜ ተሰበረ። «ከቤት ወስደውት ሦስት ሳምንት ቀበሌ እስር ቤት፣ ሲሚንቶ ላይ አደረ። ደረቱ ውኃ ቋጠረ። ሲብስበት ሞቶ እንዳይጠየቁበት አውጥተው ጣሉት። ለምን ታሰርክ ብለው አይናገርም። ወላሂ አንድ ቃል አልወጣውም። ፖስታዎቹን ቤት፣ ከትራሱ ሥር አገኘኋቸው።»

ጥሩአየሁ የመጀመሪያውን ከፈተች። ጮክ ብላ አነበበች፤ ለማያውቋት እናትና ለሚያውቋት አባት እኩል።

«ጥሩአየሁ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ማክሰኞ እንደሚጠሩሽ የቀበሌው ጥበቃ ሹክ ስላለኝ ሰኞ ቀድሜ ቃሌን በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። አዳራሹን የጠየቅሁት እኔ፣ ሴቶቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ ብያለሁ። አባቷ የተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚያ አዳራሽ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አልተነገረም፤ እኔ ሙስሊሙ ምስክር ነኝ ብያለሁ። ለአገሬ ደረቴን ሰጠሁ፤ ደረቴን መልሳ የሰጠችኝ ይህች ልጅ ናት ብያለሁ። ጥፋት ካለ በእኔ ይሁን። ሳልነግርሽ ያደረግሁት እንዳትከለክዪኝ ነው...»

ከዚህ በላይ መቀጠል አቃታት። ያነበበችው ያ አንድ መስመር፣ ካድሬው እጁን የጣለበት፣ ከኋላው «ሆኖም» የሚል ቃል ነበረው። እሷ «ሆኖም»ን ሳትጠብቅ ፈርዳለች።

«ሌላውን» አሉ ለጢፋ። ዓይናቸው ደርቋል።

ሁለተኛውን ቀደደችው።

«ደብዳቤዬን መልሰሻል። ምናልባት የሰጠሁትን ጽሑፍ በክፉ ተርጉመውልሽ ይሆናል። አልቀየምሽም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ከጦር ሜዳ ስመለስ ሰው ሁሉ 'ተረፍክ' ይለኝ ነበር፤ እኔ መትረፌን ያወቅሁት ግን ቫዮሊንሽን ስትስቢ ነው። ቫዮሊኑ አንገትሽ ላይ የተወው ያ ጥቁር ምልክት...»

ማንበቧን አቆመች።

«ምነው?» አሉ ለጢፋ።

«ይሄ... ይሄ የእኔ ነው እማማ።»

አሮጊቷ ገባቸው። ፊታቸውን ወደ ደጁ አዞሩ። አቶ ኤርሲዶም ድንገት የምድጃውን አመድ መቆስቆስ ጀመሩ። ጥሩአየሁ መስመሩን በልቧ አንብባ የመጨረሻውን ድምፅ አውጥታ አነበበች።

«ነገ ወይ ከነገ ወዲያ የሚወስዱኝ ይመስለኛል። ሦስተኛ ደብዳቤ ካልመጣልሽ፣ ዝም አለ ብለሽ አትፍረጂብኝ። ያን ጊዜ እጄን ይዘውት ነው።»

ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ለጢፋ ቆመው አዩአት። ሊያጽናኗት አልቀረቧትም፤ አልሄዱምም። «ልጄን አልወደድሽውም ብዬ ነበር የመጣሁት» አሉ በዝግታ። «ብትጠዪው ይሻለኝ ነበር። ይሄ ይከብዳል።»

በዚያው ቀን ሦስቱም በአንድ አውቶቡስ ጅማ ገቡ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ቲጃኒ ሁለት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ መተኛት አይችልም፤ ሲተኛ ይታፈናል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አጭር አጭር፣ የተቆራረጠ አየር ነበር የሚስበው። ነርስ ወይንሸት በጆሮዋ ነገረቻት፤ ውኃውን ቀድተውለታል፤ አሁን የሚገድለው ፍርሃቱ ነው፤ ስለሚፈራ አይስብም፤ ስለማይስብ ይፈራል። «ዛሬና ነገን ካለፈ ይተርፋል ብለዋል ሐኪሙ» አለች።

ጥሩአየሁ አልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። ሲያያት ሊናገር ሞከረ።

«አትናገር» አለችው። «ለእኔ የምትለውን ሁሉ ብለኸኛል። አሁን ቁጠር።» መዳፉን ወስዳ የራሷ ጎድን ላይ አኖረች፣ ሰው እያየ፣ እናቱ እያዩ፣ አባቷ እያዩ። የእሷን መዳፍ የእሱ ጎድን ላይ። «ዓይንህን አትጨፍን። እኔን እያየህ። ቶኮ...»

አልቻለም። ሳለ።

«ምንም አይደለም። እንደገና። ቶኮ... ላማ...»

በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደቆጠረች እሷም አታውቀውም። እየደከመች፣ ጉሮሮዋ እየደረቀ ቆጠረች። ድምፅዋ ሲዘጋ ቫዮሊኗን አወጣች። በክፍሉ አሥራ ሁለት በሽተኛ ነበር። ደጋኑን ክሩ ላይ በጣም በቀስታ፣ አንድ ሰው ለአንድ ሰው በጆሮው እንደሚያወራ አድርጋ ሳበችው፤ ወደ ላይ ሲሄድ ሳብ፣ ወደ ታች ሲመለስ ልቀቅ። ቲጃኒ ደጋኑን በዓይኑ ተከተለው። መጀመሪያ ከደጋኑ ጋር መራመድ አቃተው፤ በኋላ ግማሽ መንገድ ሄደ፤ በኋላ ሙሉውን። ከወዲያ ጥግ የተኙ አንድ ሽማግሌም ሳያውቁት አብረው መተንፈስ ጀመሩ። ለጢፋ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው የልጃቸውን ደረት ብቻ ያዩ ነበር፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ፤ ያን ደረት በማኅፀናቸው የሠሩት እሳቸው፣ ያን ቀን እንደ አዲስ ሲሠራ ያዩ መሰላቸው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ሐኪሙ ሥራ ይቀንስ፣ ብርድ አይምታው፣ በቀረችው ሳንባ ይኖራል አለ።

«ደብዳቤዎቹን...» አለ ቲጃኒ፣ መጀመሪያ መናገር ሲችል።

«አነበብኳቸው። ለእናትህ፣ ጮክ ብዬ።»

«ሁለተኛውንም?»

«ሁለተኛውንም።»

ፊቱን በአንሶላው ሸፈነ። ጥሩአየሁ ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። «ይቅር በለኝ» አለችው። «አንድ መስመር አንብቤ ነው የሄድኩት።»

እጁን ከአንሶላው ሥር አውጥቶ እጇን ያዘ። ይቅር ብያለሁ አላለም። መያዙ ይበቃ ነበር።

ስትወጣ ለጢፋና አቶ ኤርሲዶ ኮሪደሩ ላይ ባለች አንዲት አግዳሚ ወንበር በሁለት ጫፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ለጢፋ ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

«ሃይማኖትሽን ትለውጫለሽ?»

«አልለውጥም እማማ። እሱንም ለውጥ አልለውም። ማዘጋጃ ቤት እንፈርማለን። ኪነት ባይመልሰኝም እያስተማርኩ እኖራለሁ።»

«እሺ፣ ማዘጋጃ ቤት ያጋባል። ማዘጋጃ ቤት ግን አይቀብርም።» አሮጊቷ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። «የእኛ ሰው አንቺን አይቀብር፤ የእናንተ ሰው እሱን አይቀብር። ስትሞቱስ፣ ማን ይቀብራችኋል?»

ጥያቄው የክፋት እንዳልሆነ ለጥሩአየሁ ገባት፤ እኚህን ሴት ቀን ከሌት ሲያስፈራቸው የኖረው ነገር ይህ ነበር። ወደ አባቷ አየች። አቶ ኤርሲዶ፣ ወንጌላዊው፣ ልጃቸውን ለማያምን ላለመስጠት ስንት ቀን የጾሙት ሰው፣ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ሲያዞሩ ቆዩ።

«ሃደ ቲጃኒ» አሉ በመጨረሻ፣ መንደሩ በሚጠራቸው ስም። «እኔና እርስዎ ነን ቀድመን የምንሄደው። እኛን ቀባሪዎቹ እነሱ ናቸው።»

ልጃቸው ከቤት ከተወሰደ ጀምሮ ያልወጣው የለጢፋ እንባ፣ ድምፅ ሳይኖረው፣ በጉንጫቸው ወረደ። ጥሩአየሁ ልትጠርግላቸው እጇን ዘረጋች፤ ይከለክሉኛል ብላ ነበር። አልከለከሏትም።